አንቲቫይረስ ኮምፒውተር የማፍጠን ሥራም ደርቦ መያዝ አለበት ወይ?

ባለ ጽሕፈት ቤቱ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። በሦስት ኮምፒውተሮች ማመልከቻ፣ ውል፣ የሠርግ ጥሪና የጨረታ ሰነድ እንሠራለን፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ደግሞ አብዛኛው ሥራችን የተመራቂ ተማሪዎችን የጥናት ወረቀት ማስተካከልና ማተም ነው። በቀን ከሠላሳ የማያንስ የሰው ፍላሽ ስለሚሰካብን አንቲቫይረስ ለእኛ እንደ በር መቀርቀሪያ ነው። ስለዚህም ባለፈው ዓመት ገንዘብ ከፍዬ የአንድ ዓመት ላይሰንስ ገዛሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ጥያቄዬ በአሠራሩ ላይ እንጂ በአንድ ድርጅት ላይ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ፕሮግራሙ ሥራውን በጸጥታ ይሠራ ነበር። ፍላሽ ሲሰካ ይፈትሻል፤ ቫይረስ ሲያገኝ በቀይ መስኮት ያስጠነቅቃል፤ እኛም ባለቤቱን አስፈቅደን እናጸዳለን። አንድ ቀን ራሱን አዘምኖ ሲመለስ ግን ስለ ኮምፒውተር ጤና የሚያወራ አዲስ ክፍል ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ያው ቀይ መስኮት በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየወጣ 1,284 ችግሮች እንደተገኙና አሁኑኑ መስተካከል እንዳለባቸው ይነግረን ጀመር። አስተካክል የሚለውን ስንጫን ደግሞ ለዚህ ሌላ ክፍያ ይጠይቃል። በጽሕፈቱ የምታግዘኝ የእህቴ ልጅ መጀመሪያ በወጣ ቁጥር እየጠራች ታሳየኝ ነበር። እኔም ሥራ በዝቶብኝ "ዝም ብለሽ ዝጊው" አልኳት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ወረቀቷን ልታሳትም ፍላሿን ሰጠችን። ቀይ መስኮት ወጣ፤ ልጄም እንዳስተማርኳት ዘጋችው። ያን ቀን የወጣው ግን እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሰካነው ፍላሽ ሁሉ ውስጡ ያለው ፋይል ጠፍቶ በምትኩ ሾርትከት ብቻ ይታይበት ጀመር፤ ሁኔታው እስኪገባን ድረስ የአሥራ አንድ ደንበኛ ፍላሽ ተበክሎ ነበር። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፤ ቀይ መስኮትን መዝጋት ያለማመድኳት እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ የቫይረስን ማስጠንቀቂያና የሽያጭ ማስታወቂያን በአንድ ቀለም፣ በአንድ ቅርጽ፣ በአንድ ማዕዘን ላይ የሚያወጣ ፕሮግራምም ከጥፋቱ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ገጠመኝ አለኝ። በነጻ የፈቀደልንን ፈጣን ማሻሻያ የተባለ ቁልፍ አንድ ማታ ተጫንኩት። በማግሥቱ ጠዋት ሰው ተሰልፎ ሳለ አማርኛ አልጻፍ አለ፤ የምንነካው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ይወጣል። ለካ የአማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ከሚነሣበት ዝርዝር ውስጥ አላስፈላጊ ነው ብሎ አውጥቶት ኖሯል። ከኩታበር አቤቱታ ሊያጽፉ የመጡ አንዲት እናት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ተቀምጠው ጠበቁን።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ኮምፒውተር ማጽዳትና ማፍጠን የአንቲቫይረስ ሥራ ነው ወይ? ሥራውስ በእርግጥ ጥቅም አለው? ላይሰንሴ ሊያልቅ ሁለት ወር ስለቀረው፣ በምን መንገድ እንደምቀጥል ከመወሰኔ በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።


ጠጋኙ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ አብሽሩ፤ ይህ በእርስዎ ብቻ የደረሰ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የተለያየ አንቲቫይረስ የጫነ፣ ነገር ግን ያንኑ ዓይነት የችግር ቁጥር የሚያሳይ ኮምፒውተር በየሳምንቱ ይመጣልኛል። የእኔ መልስ ግልጽ ነው፤ የጥበቃ ፕሮግራም ጥበቃውን ብቻ ቢሠራ ይሻላል።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች ሲፈጠሩ የተለያዩ ነበሩ። ፒተር ኖርተን የተባለው አሜሪካዊ ኖርተን ዩቲሊቲስ የሚባለውን የዲስክ መጠገኛ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ ያኔ የፒሲ ቫይረስ ገና አልተወለደም። ሲማንቴክ የተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ የኖርተንን ድርጅት በ1990 ገዛ፤ በማግሥቱ ዓመት በዚያው ስም አንቲቫይረስ አወጣ፤ በ1998 ደግሞ ሁለቱን በአንድ ካርቶን አድርጎ ይሸጥ ጀመር። በዚያ ዘመን ዊንዶውስ ራሱን የማጽዳት ችሎታው ደካማ ስለነበር ነገሩ ምክንያት ነበረው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ማለትም ከዊንዶውስ 8 አንሥቶ፣ ዲፌንደርን የተሟላ አንቲቫይረስ አድርጎ ከዊንዶውሱ ጋር በነጻ ማቅረብ ሲጀምር ግን የሻጮቹ ችግር ተቀየረ። ጥበቃ በደንብ ሲሠራ አይታይም፤ ምንም ባለመድረሱ ነው የሚታወቀው። ምንም ነገር ላልደረሰበት ሰው ደግሞ ላይሰንስ ማሳደስ ከባድ ነው። 1,284 የሚል ቁጥር ግን ይታያል።

ቁጥሩ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ አንዱን በአንዱ ከፍቼ አይቻለሁ። ድረ ገጾች በብራውዘር ውስጥ የሚተዉት እያንዳንዱ ኩኪ እንደ አንድ ችግር ተቆጥሯል፤ ጊዜያዊ ፋይልም እንደዚያው፤ የቀረው ከሪጅስትሪ የተለቀመ ነው። ሪጅስትሪ ዊንዶውስና በላዩ የተጫኑት ፕሮግራሞች ቅንብራቸውን የሚያስቀምጡበት ትልቅ መዝገብ ነው፤ ዊንዶውስ የሚፈልገውን መስመር በአድራሻው ሄዶ ስለሚያነብ፣ ከብዙ መቶ ሺህ መስመሮች ውስጥ ጥቂት መቶ ቢሰረዙ ፍጥነቱ ላይ የሚታይ ለውጥ አይመጣም። የተሳሳተ መስመር ከተሰረዘ ግን ፕሮግራም አልነሣ ሊል፣ አንዳንዴም ዊንዶውሱ እንደገና እስከ መጫን ሊያደርስ ይችላል። ማይክሮሶፍትም የሪጅስትሪ ማጽጃዎችን መጠቀምን እንደማይደግፍ በይፋ አስታውቋል።

ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ መረጃ የሚይዝበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) እናስለቅቃለን የሚሉትም የሚሠሩት ነገር ቢኖር እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞች የያዙትን መረጃ ወደ ዲስክ መግፋት ነው። ጠቋሚው ባዶ ቦታ ጨመረ ብሎ ያሳያል፤ ትንሽ ቆይተው ወርድን ሲነኩት ግን የተገፋው ሁሉ ከዲስክ ተመልሶ መነበብ ስላለበት ኮምፒውተሩ ከበፊቱ የባሰ ይንቀረፈፋል። የዲስክ ማደራጀቱም ቢሆን ዊንዶውስ ራሱ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያከናውነው ሥራ ነው። የተለመደውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያደራጃል፤ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ሲሆን ደግሞ ለእሱ የሚስማማውን ትሪም የተባለውን ሥራ ይሠራል። ኤስኤስዲን እንደ ድሮው ዲስክ ደጋግሞ ማደራጀት ዕድሜውን መብላት ብቻ ነው።

የእርስዎ ኮምፒውተሮች ለምን ይዘገያሉ ለሚለው፣ ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ከፍተው ዲስክ የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ። ሥራ ሳይኖር እንኳ 100 በመቶ ላይ ቆሞ ካገኙት በሽታው ዲስኩ ነው፤ የትኛውም ማጽጃ አያድነውም። ባለፈው ወር እንዲህ የሆነ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩን በ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ቀየርኩለት፤ ለመነሣት አራት ደቂቃ ያህል ይፈጅ የነበረው ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ተነሣ። ከሪጅስትሪው አንድ መስመር አልነካሁም።

ከጥቅም ማጣቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን አደጋው ነው። አንቲቫይረስ እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈት ቀድሞ ለማየት ከዊንዶውስ እምብርት ጋር ተጣብቆ፣ ከእርስዎ ሥልጣን በላይ በሆነ ሥልጣን ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ሶፍትዌር ድርጅት ያወጣው አንድ የተሳሳተ ዝመና 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች እንዳይነሡ ሲያደርግ፣ በዓለም ዙሪያ አውሮፕላን ቀርቷል፣ የሆስፒታል ሥራ ተስተጓጉሏል። ያ የማፍጠኛ ጉዳይ አልነበረም፤ ንጹሕ የጥበቃ ሥራ ነበር። ነገር ግን በዚህ ጥልቀት ላይ የሚሠራ ፕሮግራም አንዲት ስሕተት ምን ያህል እንደምታስከፍል ያሳያል፤ እንደዚህ ባለ ቦታ ላይ ለጥበቃ የማያስፈልግ ሥራ መጨመር የሚሳሳቱበትን ቦታ ማብዛት ነው። ማጽጃዎቹም ራሳቸው መግቢያ ሆነው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የተባለው ታዋቂ ማጽጃ 5.33 ተብሎ ሲወጣ፣ ሰርጎ ገቦች ተንኮል አዘል ኮድ ከቱበት፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎችም ይህንኑ ከራሱ ከባለቤቱ ድርጅት ገጽ፣ ትክክለኛ ዲጂታል ፊርማ እንዳለው አውርደው ጭነውታል።

ስለ ቀዩ መስኮት የተናገሩት ደግሞ ከሁሉ ያሳዘነኝ ነው። በአሜሪካ ኦፊስ ዲፖ የተባለው የመደብር ድርጅትና ሶፍትዌሩን ያቀረበለት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማሙት በዚህ ዓይነት ነገር ነው። ነጻ የኮምፒውተር ጤና ምርመራ እያሉ ደንበኛው "ኮምፒውተርዎ ይዘገያል?" ከሚሉ አራት ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ አዎ ካለ፣ ምርመራው ምንም ያሳይ ምን፣ የቫይረስ ምልክት ተገኝቷል ይሉ ነበር። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1 ቀን 2018 ጀምሮ ተጠቃሚን እያስፈራሩ የሚያስከፍሉ ማጽጃዎችን ዲፌንደር እንደ አላስፈላጊ ፕሮግራም ቆጥሮ እንዲያስወግዳቸው ወስኗል።


የአይሲቲ መምህር፣ ከወልድያ

ጠጋኙ ወንድማችን ስለ ሪጅስትሪና ስለ ራም የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ሆኖም ጥበቃ ብቻ ይበቃል የሚለው መደምደሚያ ትንሽ የጠበበ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በተጨማሪ አገልግሎት ስም ከሚቀርቡት ውስጥ በእውነት የጥበቃ ሥራ የሆኑ አሉ።

እኔ የማስተዳድረው የተማሪዎች ኮምፒውተር ክፍል ሃያ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉት። የሾርትከት ቫይረስን ጠያቂያችን በዐይናቸው ስላዩት በእሱ ልጀምር። ይህ ቫይረስ ፋይል አይሰርዝም፤ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በየስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ተጠቃሚው ሾርትከቱን ሲጫን ፎልደሩም ይከፈትለታል፣ ቫይረሱም አብሮ ይነሣል። ከዚያም ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር እንዲነሣ ራሱን ስታርትአፕ ላይ ይመዘግባል። እንግዲህ ስታርትአፕ ላይ ምን ምን እንዳለ በአንድ ገጽ ዘርዝሮ የሚያሳይ ክፍል ለሻጩ ማፍጠኛ ይባል እንጂ ለእኔ የጥበቃ መሣሪያ ነው። ተማሪዎች ጨዋታ ሲጭኑ ሾልኮ የገባ እንግዳ ነገር ብዙ ጊዜ ያገኘሁት ከዚያ ዝርዝር ነው። የደሴው ችግር የደረሰው ዝርዝሩ ስለታየ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ሳይጠይቅ በራሱ ፈቃድ ስለ ቆረጠ ነው።

ሁለተኛው ያረጁ ፕሮግራሞችን ለይቶ የሚያሳውቀው ክፍል ነው። ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ሲያዳርስ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው የማይክሮሶፍት ዝመና ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ዝመናውን የጫነ ዳነ፤ ያልጫነ ተበላ። እኛ ዘንድ ዳታ እየቆጠብን ዝመናን ማጥፋት የተለመደ ስለሆነ፣ አንቲቫይረሱ "ይህ ብራውዘር አርጅቷል፣ ይህ ፒዲኤፍ ማንበቢያ ቀዳዳ አለበት" ቢል ከሺህ ኩኪ ቆጠራ የሚበልጥ አገልግሎት ነው። ዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ በዚያ ላይ የምንሠራ ሁሉ ይህን የሚነግረን ያስፈልገናል።

ጊዜያዊ ፋይል ማጽዳቱም ቢሆን በእኛ ሁኔታ ትርጉም አለው። መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት ሳምንት ሙሉ ፍተሻ ጀምሮ መጨረስ አይቻልም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜያዊ ፋይል ካለ፣ ከፍተሻው በፊት እሱን ማስወገድ ፍተሻውን ያሳጥረዋል። ይህን በክፍሌ ደጋግሜ ስላየሁት ነው የምናገረው።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ የዘገየበት ሰው ማፍጠኛ አይፈልግም ብለን ብንወስንለት እንኳ፣ እሱ መፈለጉን አይተውም። አንቲቫይረሱ ውስጥ ካላገኘው ከማያውቀው ድረ ገጽ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ፣ ማፍጠኛ ያወርዳል፣ ወይም ከጓደኛው ፍላሽ ይገለብጣል፤ ክራኩን ለመጫን ደግሞ አንቲቫይረሱን አጥፋ ተብሎ ያጠፋዋል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከታወቀ ድርጅት የመጣ ደካማ ማጽጃ በብዙ እጅ ይሻላል።


ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከሐይቅ

ወንድሞቼ፣ የሁለታችሁንም አንብቤ ተምሬበታለሁ። እኔ የማጽጃው ክፍል በጣም ጠቅሞኛል የምል ሰው ነበርኩ፤ ላፕቶፔ 128 ጊጋባይት ብቻ ስለሚይዝ ቶሎ ይሞላል፣ በአንድ ጠቅታ ቦታ ሲለቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው የበጀት መዝጊያ ሰሞን ግን ያው ጠቅታ ዳውንሎድስ የሚለውን ፎልደር ጨምሮ አጸዳው። ከባንክ በኢሜይል የተላኩልኝን የሦስት ወር መግለጫዎች ያስቀመጥኩት እዚያ ነበር። የተሰረዘው ወደ ቅርጫቱ እንኳ አልገባም። ደግነቱ ኢሜይሉ ስላለ መልሼ አወረድኳቸው፤ ነገር ግን ሁለት ቀን ሥራ ፈታሁ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ቦታው ሲሞላብኝ ምን ላድርግ? ስልኬ ላይም "ስልክዎ ሞቋል፣ ያቀዝቅዙት" የሚል ማጽጃ አለ፤ እሱስ ይጠቅማል?


ጠጋኙ፣ ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ በስልኩ ልጀምር፤ ማጽጃውን ያጥፉት። አንድሮይድ የማይሠሩ አፖችን ራሱ እያየ ይዘጋል፤ ማጽጃው አስገድዶ የዘጋቸውን አፖች ስልኩ መልሶ ሲያነሣቸው ባትሪ ይበላል። ስልክ የሚቀዘቅዘው ከፀሐይና ከቻርጀር ሲርቅ፣ ከባድ ሥራ ሲቀንስለት ነው።

ላፕቶፑ ላይ ስቶሬጅ ሴንስ የሚባል ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ያለ ነጻ ማጽጃ በሴቲንግ ውስጥ ያገኛሉ። ነገር ግን በሐቅ ለመናገር የዳውንሎድስ ስሕተት የሻጮች ብቻ አይደለም፤ የማይክሮሶፍት የራሱ ዲስክ ክሊንአፕም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በወጣው ዝመና ዳውንሎድስን ከሚጸዱት ዝርዝር አስገብቶት ነበር፤ በኋላ ነው ያወጣው። ስለዚህ የቱንም ማጽጃ ሲጠቀሙ ዝርዝሩን አንብበው፣ ዳውንሎድስ ላይ ምልክት አለመኖሩን አይተው ይጫኑ። መግለጫዎቹንም በሌላ ዲስክ ላይ ያኑሩ፤ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ወደ መምህሩ ስመለስ፣ የስታርትአፕ ዝርዝርንና የዝመና ማሳሰቢያን በተመለከተ እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ሐሳቤንም በዚሁ አርሜዋለሁ። ቫይረስ የሚደበቅበትን ቦታ ማሳየትና የሚገባበትን ቀዳዳ መጠቆም ጥበቃ ነው። ስለ ጊዜያዊ ፋይል ግን አሁንም ልዩነት አለን፤ ዊንዶውስ የሚሠራውን ሥራ ለማሠራት ገንዘብ መክፈልም ሆነ ለአንድ ፕሮግራም የመሰረዝ ሥልጣን መጨመር አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ክራክ የሚያወርደውን ሰው ያነሡበት ነጥብ ግን ክብደት አለው፤ እኔ ዘንድ ከሚመጡት የተበከሉ ኮምፒውተሮች መካከል ብዙዎቹ የተበከሉት በእንዲያ ያለ ነገር ነው። እንግዲያው ማጽጃው ይኑር ቢባል እንኳ ተዘግቶ ይምጣ፤ የፈለገ ሰው ይክፈተው። ከመሰረዙ በፊት ምን እንደሚሰርዝ በስም ያሳይ፤ የሰረዘውንም መመለስ ይቻል። ከሁሉም በላይ ቀዩን ቀለም ለቫይረስ ብቻ ይተወው። የጽሕፈት ቤቷ ልጅ ማስጠንቀቂያና ማስታወቂያ በቀለም ተለይቶ ቢመጣላት ኖሮ ያን መስኮት የምትዘጋው አይመስለኝም።


የአይሲቲ መምህር፣ ከወልድያ

ቀለሙን በተመለከተ ያሉትን እኔም እደግፋለሁ። ተዘግቶ ይምጣ በሚለውም እስማማለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ ላሉት ሃያ አራቱ ግን ጊዜያዊ ፋይሉን በአንቲቫይረሱ ማጽዳቴን እቀጥላለሁ፤ ስቶሬጅ ሴንስን በእያንዳንዱ ተማሪ መግቢያ ላይ እየዞርኩ ማስተካከል ስለማይመቸኝ ነው።


ባለ ጽሕፈት ቤቱ፣ ከደሴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁትን በሥራ አይቼዋለሁ።

ታስክ ማናጀርን ስከፍት ሁለቱ ኮምፒውተሮች ዲስካቸው 100 በመቶ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ሦስተኛው ደህና ነው። ከዚያ የአንቲቫይረሱን ቅንብር ክፍል በክፍል አየሁት። ስለ ኮምፒውተር ጤና የሚያወራውን ክፍል ከጥበቃው ነጥሎ ማራገፍ ይቻላል፤ ማራገፊያው ግን አራት ገጽ ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ በሦስቱም ላይ አራገፍኩት። የጥበቃ ማስጠንቀቂያውን እንዳለ ትቼ የቅናሽና የምክር መልእክት የሚለውን አጠፋሁ። ቀይ መስኮት ከወጣ አምስት ቀን ሆነው፤ የወጣውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአንድ ደንበኛ ፍላሽ ላይ። ልጄ እጇን ከማውሱ አንሥታ ጠራችኝ።

የተማሪዋ ወረቀትም ተገኝቷል። መምህሩ እንዳሉት ፋይሉ አልጠፋም፤ መጀመሪያ ቫይረሱን ከኮምፒውተሩ አጽድተን፣ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ስናበራ መቶ አሥራ ሁለት ገጹ ከነሠንጠረዡ ፍላሹ ላይ ነበር። ከአሥራ አንዱ ደንበኞች ዘጠኙን ደውዬ አግኝቻቸዋለሁ፤ ፍላሻቸውን በነጻ አጸዳሁላቸው። ሁለቱን ግን አላገኘኋቸውም፤ ፍላሻቸውን ሌላ ቦታ እንደሚሰኩት ሳስብ ዕረፍት ይነሣኛል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ላይሰንሱን ሳላሳድስ ብተወው ኮምፒውተሮቹ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ ወይ? ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ሆን ብለን ከኢንተርኔት የለየነው ነው፤ የደንበኞች ውልና የጨረታ ሰነድ የሚሠራው በእሱ ላይ ነው።


ጠጋኙ፣ ከኮምቦልቻ

ላይሰንሱ ሲያልቅ ፕሮግራሙን እንደ ሞተ አይተዉት፤ ሙሉ በሙሉ ያራግፉትና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩት። ሌላው አንቲቫይረስ ሲወገድ ዲፌንደር በራሱ ሥራ ይጀምራል። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ የሚለውን ከፍተው አረንጓዴ ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከፍላሽ የሚመጣ ነገር ከመክፈትዎ በፊትም ፍላሹን በቀኝ ጠቅታ ስካን ያድርጉት።

ከኢንተርኔት ለተለየው ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ ዝርዝር በአንድ ፋይል መልክ ድረ ገጹ ላይ በነጻ ያስቀምጣል። በሌላኛው ኮምፒውተር ያውርዱት፣ ለዚህ ብቻ በለዩት ንጹሕ ፍላሽ ገልብጠው ይጫኑት፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይህን ያድርጉ፤ ለእርስዎ ሥራ ሰኞ ጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ ቢሆን ይመረጣል።

ዲስካቸው የቆመውን ሁለቱን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘዋቸው ቢወርዱ ኤስኤስዲ ገጥሜላቸው ማታ ይመለሳሉ። ሳይመጡ በፊት ግን ሰነዶቹን በውጭ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ የአማርኛ መጻፊያውን መጫኛም አይርሱት።